ካርታው ላይ የተኙ ሰዎች

ካርታው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ አራቱም ጫፍ በምስማር ሲመታ ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። ኢንጂነር ራፋል ጸጥታው የአድናቆት መስሏት ደስ አላት። በድሮን ከሰማይ ተነስቶ ያን ዕለት ታትሞ የደረሳት ፎቶ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። የወንዝ ዳር ሰፈር ቤቶች ጠፍጣፋ ጣሪያቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይታያሉ፤ ሶላር የሚተከልባቸው ቦታዎች በሰማያዊ መስመር ተከበዋል። ዘንጓን አንስታ ልትጀምር ስትል የሰዉ ዓይን መስመሮቹ ላይ እንዳልሆነ አስተዋለች። ዞራ ቀረብ ብላ አየች።

ጣሪያዎቹ ላይ ሰው ተኝቷል።

ፎቶው የተነሳው ጎህ ሲቀድ ነው። ፍራሽ ከፍራሽ ተጋጥሞ፣ አንሶላ በእንቅልፍ ተገፎ፣ ከትራስ ላይ የወረደ የሴት ጸጉር፣ እጅና እግራቸውን በአራት አቅጣጫ የዘረጉ ሕፃናት፣ ራስጌ ላይ የውሃ እንስራ። የሰፈሩ ገመና ሁሉ ግድግዳ ላይ ተዘርግቷል። በትልቁ ጣሪያ ላይ፣ ሰማያዊው መስመር መሃል ለመሃል፣ ሴቶች ተደርድረው ተኝተዋል።

"ያ የኔ ጣሪያ ነው" አሉ ሐጂ ሚዝባን ከፊት ወንበር። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "እነዚያ ደግሞ ሚስቴና ሴቶች ልጆቼ ናቸው።"

ሐጂ ሚዝባን የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ሌላው ሰው ሲያመነታ ከሁሉ ቀድመው "የኔን ጣሪያ ውሰዱ" ያሉት እሳቸው ነበሩ። ራፋል መልስ ልትሰጣቸው አፏን ስትከፍት ዓይኗ በካርታው ግርጌ ወዳለች አንዲት ትንሽ ጣሪያ ሄደ። አንድ የብረት አልጋ፣ ከአንሶላው ውጭ የወጣ አንድ እግር። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀኝ እግሯ ልብስ ውስጥ አይረጋም፤ እናቷ፣ ጀነት ይስጣትና፣ "ይቺ ልጅ ከፈን ውስጥም እግሯን ታወጣለች" ትል ነበር። አልጋው የሷ ነው፣ እግሩም የሷ ነው። ፊቷ በእፍረት ነደደ፤ ቀስ ብላ ፈቀቅ አለችና አልጋውን በጀርባዋ ጋረደችው።

ይህን ቀን ለማየት ሁለት ዓመት ለፍታለች። ከተማቸው ተል ሰምራ ውስጥ የመንግሥት መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሳይነግር ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። በቀረው ሰዓት ሰዉ የሚኖረው ዳሪ በሚባል ነጋዴ ጄኔሬተር ነው። ዳሪ መብራቱን በአምፔር እየመተረ ይሸጣል፤ ሲያሻው ያበራል፣ ሲያሻው "ናፍጣ አለቀ" ይላል። ሐሩሩ በበረታ ቁጥር የሚያልቀው ናፍጣ ምን ዓይነት ናፍጣ እንደሆነ አላህ ይወቀው። ራፋል የዚያው ሰፈር ልጅና የማዘጋጃ ቤቱ የፕላን መሐንዲስ ናት። ያወጣችው ፕላን ለማስረዳት ቀላል፣ ለማሳመን ግን መከራ ነበር፦ ሰፊ ጣሪያ ያለው ጣሪያውን ያውሳል፣ ባትሪዎቹ በአሮጌው የእህል መጋዘን ይቀመጣሉ፣ መብራቱ ግን ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል፤ ምድር ቤት ለተከራየችው መበለትም ለሐጂ ሚዝባንም። ስንቱ ነው "ላም አለኝ በሰማይ" ብሎ የሳቀባት። ቤት ለቤት እየዞረች፣ የማይፈለግ ሻይ እየጠጣች፣ የአንዱን ጎረቤት ከሌላው እያስታረቀች ነው ሰፈሩን እሺ ያሰኘችው። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። የሶላሩን ገንዘብ የሰጡት ለጋሾች ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ወሩ ሳያልቅ ባለጣሪያዎቹ ከፈረሙ ሶላሩ ለሰፈሩ፤ ካልፈረሙ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይሆናል።

ፎቶው የሚነሳበትን ሰዓት ራሷ ነበር ወስና የሰጠችው። እኩለ ቀን ብላለች፤ ጣሪያው እንደ ምጣድ ግሎ ድመት እንኳ በማትረግጠው ሰዓት። ያን የቀየረ ሰው አለ።

ሐጂ ሚዝባን ተነስተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ምስማሩን በጣታቸው ነቅለው፣ ካርታውን ጠቅልለው፣ ብብታቸው ሥር አደረጉት። አዳራሹ ከዚያ በኋላ ነው የተናጋው። ወንዶቹ እርስ በርስ እየተጯጯሁ ወጡ፤ ካወቋት ጀምሮ "ልጃችን" ሲሏት የነበሩ ሰዎች ፊታቸውን አዙረው አለፏት። ዳሪ በሩ ላይ ጠብቋት ኖሮ ጢሙን እየዳበሰ፣

"ኢንጂነር፣ የኔ ማሽን ይጮሃል እንጂ ሰው ሲተኛ አያይም" አላት።

ዘንጓን ብብቷ ሥር ከታ አለፈችው። የሚያንገበግባት ደግሞ ሰውዬው እውነቱን መሆኑ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ሙወፋቅ ቢሮ በረዶ ቤት ይመስላል። ራፋል ስትገባ ላቧ ጀርባዋ ላይ ቀዘቀዘ።

"ማነው ሰዓቱን የቀየረው?" አለች ሳትቀመጥ።

"እኔ ነኝ። ባለ ድሮኑ ልጅ ቀትር ላይ ይግልና ይወድቅብኛል አለ። በቀዝቃዛው አንሳ አልኩት። ምን ችግር አለው?"

"በቀዝቃዛው ሰው ጣሪያ ላይ ይተኛል።"

"አዎ፣ ረሳሁት።"

ረሳሁት አለ። ሐሩር በማያውቀው አገር የተወለደ ባዕድ ቢሆን ይሁን ይባላል። ሙወፋቅ ግን የተል ሰምራ ልጅ ነው። እሱም ማታ ማታ ጣሪያውን ውሃ እያርከፈከፈ፣ ፍራሽ ተሸክሞ ደረጃ እየወጣ፣ ከወንድሞቹ ጋር ለነፋሱ ቦታ እየተጋፋ ያደገ ነው። ሹመት አገኘ፣ ቢሮው የራሱ ጄኔሬተር ተተከለለት፣ ቤቱም ቀንና ሌሊት ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል። ከጣሪያ የወረደ ሰው ጣሪያ ላይ የቀሩትን ለመርሳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

"ደግሞስ ምን ታየ ብለው ነው?" አለ ሙወፋቅ። "ፊት አይለይ፣ ስም አይለይ። አጉልቼ አይቼዋለሁ፤ ጆንያ ነው የሚመስሉት።"

"አጉልተው አይተዋል?"

"ሥራዬ ነዋ።"

ራፋል ከጆንያዎቹ አንዷ እኔ ነኝ ልትለው ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን እዚህ ሰው ፊት፣ እዚህ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ ስለ እግሯ ማውራት ሁለተኛ መታየት ሆነባት። ዋጠችው። "ሽማግሌ ይዘው ሐጂ ሚዝባን ቤት ይሂዱ" አለችው። "ይቅርታ ይጠይቁ። ሌላ መንገድ የለም።"

ሙወፋቅ ሳቀ። "ማዘጋጃ ቤት ጎሳ አለው እንዴ ራፋል? ለድሮን የደም ካሳ ልክፈል? አልፈለጉም፣ ይቅርባቸው። ለመሥሪያ ቤቶቹ ይሆናል። መሥሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ማንም አይተኛም።"

"መሥሪያ ቤት ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ፀሐይዋ ለባዶ ወንበር ልትሠራ ነው?"

"ወንበር አያማርርም" አለና ስልኩን አነሳ።

ራፋል በሩን ዘግታ ወጣች። ሰፈሩ ሙወፋቅን አይደፍርም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ቁጣው የሚራገፈው እሷ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ሰፈሩ ላይ ተናዳለች። አንድ የሞኝ ፎቶ ስላዩ ለልጆቻቸው የሚሆነውን ብርሃን ሊረግጡት ነው። ንዴቷ መሄጃ ስላጣ ወዲያና ወዲህ ሲመታት ዋለ።

በማግሥቱ ከአስር ሰዓት በኋላ ሐጂ ሚዝባን ቤት ብቻዋን ሄደች። አጎቷን አብረኸኝ ሂድ ብላ ብትለምነው ጉልበቴን አመመኝ አላት፤ ባለፈው ሳምንት ሰርግ ላይ ሲጨፍርበት ያላመመው ጉልበት። የእንግዳ መቀበያው በወንዶች ጢም ብሏል። ሴት ለሽምግልና ስትገባ ያየ ሰው ስለሌለ ሁሉም ዓይኑን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ሐጂ በእጃቸው መራራ ቡና ቀድተው ሰጧት። ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው እሺታ ሳያገኝ አይጠጣምና ሲኒዋን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች።

"ጠጪ ልጄ" አሉ ሐጂ። "ካንቺ ጋር ጸብ የለኝም።"

"ጸብ ከሌለዎት ጣሪያዎን ይስጡኝ፣ እጠጣለሁ።"

"ጣሪያዬን የሰጠሁት ለፀሐይ ነበር። ባዕድ ዓይን ይግባበት አላልኩም። ያንን ያደረገ ሰው ይምጣ። ለምን ሴት ላከብን?"

"አልላከኝም። እሱ አይመጣም።"

ከወዲያ ጥግ አንዱ "ካልመጣማ ቦታው ድረስ ሄደን..." ሲል ሌላው "ዝም በል፣ አንተ ቀበሌ ስትጠራ እንኳ አትሄድም" ብሎ አበሸቀው። ጥቂቶች ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም።

"ወሩ ሊያልቅ ነው ሐጂ" አለች ራፋል። ድምፅዋ ሳታስበው ጠነከረ። "ካልፈረማችሁ ሶላሩ ስምንት ሰዓት ላይ ለሚቆለፍ ቢሮ ነው የሚሄደው። ሙወፋቅ በዚህ አይቀጣም። እንዲያውም ደስ ይለዋል። የምንቀጣው እኛ ነን።"

"ክብር ከመብራት ይበልጣል" አሉ ሐጂ፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ሁሉ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በዚህ መሃል ከመጋረጃው ጀርባ "ራፋል፣ ወደዚህ ነይ" የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ።

የሐጂ ሚስት ሹክሪያ ናት። ሰዉ በበኩር ልጇ ስም ኡም ሳጂድ፣ የሳጂድ እናት፣ ይላታል። የሴቶቹ ክፍል ወለል ላይ ካርታው ተዘርግቷል፤ በየጫፉ ጫማና የሻይ ሳህን ተጭኖበታል። የሰፈሩ ሴቶች ዙሪያውን ተንበርክከው ራሳቸውን ይፈልጋሉ።

"ይቺ ስትተኛ አፏን የምትከፍት ማናት?"

"አፍ ከዚህ አይታይም፤ አታጋኚ።"

"የኔ ባል እዩት፤ ፍራሹን ሁሉ ለብቻው ይዞ እኔን ሲሚንቶ ላይ ጥሎኛል። ሲነጋ አንቺ ነሽ ያንከባለልሽኝ ይለኛል። አሁን ማስረጃ አገኘሁ።"

ሳቁ። አንዲት ልጃገረድ ግን ጥግ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ናት። ራፋል ከጎኗ ተቀመጠች። ከዚያ ጣቷን በካርታው ግርጌ ላይ አሳረፈች።

"ይቺ እግር የኔ ናት" አለች።

ሹክሪያ መነጽሯን አስተካክላ አየችና፣ "አይ እናትሽ፣ ስንቴ ሸፈነችልሽ" አለች። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ። የዚያች ሴት ቁጣ እንደ ባሏ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ይሞቅና አንዴ ከፈላ ክዳን አይዘው።

"እነዚያ እዚያ ተቀምጠው በኛ እንቅልፍ ይደራደራሉ" አለች። "እኔን የጠየቀኝ አለ? ምን አደረግሁ? ተኛሁ። መተኛት ነውር ነው? ሳገባ እዚያ ጣሪያ ላይ ነው የተኛሁት፤ ዛሬም እዚያ ነኝ። ያን ጊዜ ከዋክብት እያየን ነበር፣ ደስ ይል ነበር። አሁን የምወጣው ለከዋክብት አይደለም። እታች ምድጃ ስለሆነ ነው። አምና ማታ በጨለማ ፍራሽ ተሸክሜ ስወጣ ከደረጃው ወድቄ ይሄ ዳሌዬ ተሰበረ። ያን ቀን ክብር የሚል ሰው አልሰማሁም። ዳሪ ናፍጣ አልቆበት ነበር።" ወደ ልጃገረዷ ዞረች። "አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ከዚያ ውስጥ መውጣት" አለች ልጅቷ እያለቀሰች።

ሹክሪያ ከመስፌያ ሳጥኗ መቀስ አወጣች። "ያንቺ ገላ ነው። ውጪ።"

ልጅቷ ራሷን በመቀሱ ዞራ ቆርጣ አወጣችና የራሷን ምስል ጨምድዳ እጇ ውስጥ ደበቀችው። ካርታው ላይ ቀዳዳ ቀረ። ከዚያ መቀሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ገሚሶቹ ቆረጡ፣ ገሚሶቹ "እኔ ልቅር" አሉ፤ ባሏ ፍራሹን የቀማባት ሴትዮ "እኔን ቁረጡኝ፣ እሱን ግን ተዉት፣ አገር ይየው" ብላ ሌላውን አሳቀች። እዚያ ያልነበሩትን ደግሞ ጎረቤቶቻቸው በየጣሪያው አጥር ላይ እየተጣሩ ጠየቋቸው። መቀሱ ራፋል ጋ ሲደርስ አየችው፣ አሰበችና ለቀጣይዋ አሳለፈችው።

ጀምበር ሳትጠልቅ ሹክሪያ እያነከሰች፣ አባያዋን ሰብስባ፣ ካርታውን ተሸክማ ወንዶቹ መሃል ገባች። ሐጂ ሊቆጡ ከጀመሩ በኋላ ቀዳዳዎቹን አይተው ቆሙ።

"ይሄ የናንተ ጸብ አይደለም፣ የኛ ነው" አለች። "ፍርዱንም እኛ ሰጥተናል። አንደኛ፣ ሶላሩ ከሰው ቁመት በላይ በብረት ተሰቅሎ ይተከል፣ ወደ መንገዱ በኩልም ይከለል። ሥሩ እንተኛለን፣ የፈለገች። ሁለተኛ፣ የሚጠግን ሰው በር ሳያንኳኳ፣ ሳይነግር አንድ እርከን አይወጣም፤ አቧራውን የምናጥበው እኛ ነን። ሦስተኛ፣ ያ ሰውዬ ይሄን ካርታ መብራቱ እስኪመጣ ቢሮው ውስጥ ይሰቅላል።"

"የናንተን ምስል? ሰው ቢሮ ውስጥ?" አሉ ሐጂ።

"የኔ ይሰቀል። የማትፈልገው ተቆርጣለች።"

"ሴቶች ልጆቼስ?"

"ወጥተዋል። የቀረው ቀዳዳቸው ነው።" ሹክሪያ ባሏን ቀጥ ብላ አየችው። "ክብር ከመብራት ይበልጣል አልክ። የኔ ክብር የተነካው ስላዩኝ አይመስለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ሲሚንቶ ላይ እንደምተኛ እያወቁ ስለረሱኝ ነው። እስቲ አሁን ይርሱኝ።"

ሐጂ ሚዝባን ካርታውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ምንጣፉ ላይ የቀዘቀዘውን ሲኒ አነሱና ደፉት፤ ትኩስ ቀድተው ለራፋል ሰጧት።

"ጠጪ" አሉ።

ጠጣች። እንደዚያ የመረረ፣ እንደዚያም የጣፈጠ ቡና ቀምሳ አታውቅም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል የሰፈሩ ሰው የተፈረመውን ስምምነትና ካርታውን ይዞ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተሰበሰበ። ጸሐፊዋ "ቀጠሮ አላችሁ?" ስትል ሹክሪያ "ጎህ ሲቀድ ቤታችን ሲመጣ ቀጠሮ ነበረው?" ብላት አልፋ ገባች። ሙወፋቅ ከወንበሩ ተነሳ። የጣሪያው ባለቤቶች ሁሉ እንደፈረሙ ሲያይ ስለ መሥሪያ ቤቶቹ የሚለው ነገር አልቆበት ነበር። ከፍ ብለው ስለሚሰቀሉት ብረቶች ወጪ ሊያጉረመርም ጀምሮ የሐጂ ሚዝባንን ፊት ሲያይ ተወው።

"ይሄስ ምንድን ነው?" አለ፣ ራፋል ከወንበሩ ጀርባ ምስማር ስትመታ።

"ካሳው ነው" አሉ ሐጂ። "አንተ ብትቀር እኛ መጣን።"

ካርታው ተዘረጋ። ሰፈሩ በሙሉ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ሰማያዊ መስመሮቹ፣ ፍራሾቹ፣ የቀሩት ሰዎች፣ በመሃል በመሃል ደግሞ በሰው ቅርጽ የተቆረጡ ቀዳዳዎች። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቢሮው ነጭ ቀለም ይታያል። ሙወፋቅ ክራባቱን ነካካ።

"እንግዳ ይመጣብኛል እኮ" አለ። "ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ልበል?"

"ጆንያ ነበረበት በል" አለችው ሹክሪያ።

ሙወፋቅ ወደ ራፋል ዞረ፤ ነገሩን የነገረቻቸው እሷ እንደሆነች ገባው። ፊቱ ቀላ። ጨዋታውን ቀለል ለማድረግ ይመስላል፣ በግርጌ በኩል ሳይቆረጥ የቀረውን የብረት አልጋ በጣቱ አሳየ።

"ይቺስ? ይቺን ለምን አልቆረጣችኋትም?"

"እሷን እንኳ እርስዎ አጉልተው አይተዋታል" አለች ራፋል። "እኔ ነኝ።"

ሙወፋቅ ጣቱን ከካርታው ላይ እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ፣ አንገቱን ደፍቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ራፋል ምስማሩን ያስገባችው አስልታ ነው። የመጀመሪያው ጣሪያ እስኪበራ ድረስ ሙወፋቅ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር፣ ከአንሶላ ውጭ የወጣው ባዶ እግሯ ልክ ከራሱ በላይ ይሆናል።